36 ዓመት ወረፋ የጠበቀ ዘፈን

ስለ ድሮ ዘፈኖች ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም። ከመጡት ጥያቄዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ዞረው ዞረው አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፦ የከረመ ዘፈን እንዴት እንደገና ነፍስ ይዘራል? የመጀመሪያው መልስ ረዝሟል። እያወቅኩ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ታህሳስ በገባ ቁጥር በየካፌው «ላስት ክሪስማስ» የሚባለው ዘፈን ይለቀቃል። ዘፈኑ በዕድሜ ይበልጠኛል። ታናሽ እህቴ «እንግሊዝ አገር አንደኛ የወጣው ገና በቅርቡ ነው» ብላ ድርቅ አለች። እኔ ደግሞ ያኔ እንደወጣ ነው አንደኛ የሆነው ብዬ ማኪያቶ ተወራርጃለሁ። ማን ነው የሚከፍለው? ደግሞስ አንድ ዘፈን ከስንት ዓመት በኋላ እንዴት አንደኛ ይወጣል? (ከገርጂ)

መልስ፦ ሂሳቡ ያንቺ ነው።

እህትሽ ልክ ናት። ላስት ክሪስማስ የዋም ዘፈን ነው፤ ዋም ማለት ጆርጅ ማይክልና ጓደኛው አንድሩ ሪጅሊ ናቸው። ዘፈኑን የጻፈው ጆርጅ ማይክል ነው፣ መሣሪያውንም የተጫወተው እሱው ነው። የወጣው ዲሴምበር 1984። (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ እንዳንደናገር።) በእንግሊዝ የሳምንቱ ዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 2021። ቁጠሪው፣ 36 ዓመት።

ግን አንቺም ከእውነቱ ብዙ አልራቅሽም፤ ያኔም ሁለተኛ ደርሶ ነበር። አንደኛውን ቦታ የዘጋበት ዘፈን ነው ታሪኩን የሚያጣፍጠው፣ ምክንያቱም ስለ እኛ የተዘፈነ ነው።

ኦክቶበር 1984 ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው የረሃብ ዘገባ እንግሊዝን እንቅልፍ ነሳት። ዘፋኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ቶሎ ብለው ዘፈን ጻፉ። የዘመኑን ታዋቂ ዘፋኞች ለንደን አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ሰብስበው ቀዱና ባንድ ኤይድ በሚል ስም አወጡት። ከተሰበሰቡት ዘፋኞች አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጆርጅ ማይክል! ሰውየው በገዛ ድምፁ ያገዘው ዘፈን የራሱን ዘፈን ቀድሞት ሄደ። የባንድ ኤይድ ሸክላ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሚሊዮን ኮፒ ተሸጠ፣ አምስት ሳምንት ሙሉም ከአንደኛው ቦታ ንቅንቅ አላለም። ዋሞች ከሥሩ ሁለተኛ ሆነው ቀሩ፤ ከላስት ክሪስማስ የሚያገኙትን ገንዘብም ለዚሁ ለኢትዮጵያ ረሃብ እርዳታ ሰጡ። በዚያ ገና አንደኛውም ሁለተኛውም ዘፈን የሚሸጠው ለእኛ ሰው ነበር ማለት ነው።

(የባንድ ኤይድ ዘፈን ርዕስ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ነው። እስካሁን ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። የሚጠየቀው እኮ ክርስትናን በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተቀበለ አገር ነው። ከኮረም ላሊበላ ስንት መንገድ ነው? ይሁን፣ የተሰጠውን እህል ግን አንረሳም።)

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። በ2021 ምን ተፈጠረ? ዘፈኑ ያው ነው። የተለወጠው ቆጠራው ነው። በ1984 የሚቆጠረው የተሸጠ ሸክላ ነበር። አንድ ሰው አንዴ ገዝቶ ቤቱ ካስገባው በኋላ እስኪጫጫር ድረስ ቢያጫውተው ማንም አይቆጥርለትም። በሚቀጥለው ገና ያንኑ ሸክላ ከመደርደሪያው ያወርዳል። ማን ሁለቴ ይገዛል? ከ2014 ጀምሮ ግን እንግሊዞች በኢንተርኔት የተደመጠውንም ከሽያጩ ጋር መደመር ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ እናትየው ኩሽና ሆና ከስልኳ ስትከፍተው፣ ልጅየው መኝታ ቤቱ ሲደግመው፣ አክስትየው መኪና ውስጥ ስትለቀው፣ ሁሉም እየተጠራቀመ ይቆጠራል። ለ30 ምናምን ዓመት በየሳሎኑ ሲዘፈን የኖረ ዘፈን ያኔ ነው ሰንጠረዡ ላይ በደንብ የታየው። ተወዳጅነቱ ድሮም ነበረ፣ መዝጋቢ ነው ያጣው።

ለዚህም ነው በዚህ ነገር ላስት ክሪስማስ ብቻውን ያልሆነው። የማራያ ኬሪ የገና ዘፈን በ1994 ወጥቶ አሜሪካ አንደኛ የሆነው በ2019 ነው፣ 25 ዓመት። ያኔ ለብቻው ተነጥሎ ለሽያጭ ስላልቀረበ በጊዜው ደንብ መሠረት ዋናው ሰንጠረዥ ውስጥ መግባት እንኳ አይችልም ነበር። ብሬንዳ ሊ ደግሞ ትብሳለች። የገና ዘፈኗን በ1958 ስትቀዳ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሲወጣ፣ ዲሴምበር 2023 ላይ፣ 78 ሞልቷታል። አስቢው፣ ልጅ ሆነሽ የዘራሽውን ጎበዝ አያት ሆነሽ ስታጭጂው።

ቆጠራው ግን ግማሹ ምክንያት ነው። በ1984 የወጣ ሌላ ስንት ሺህ ዘፈን አለ፣ እሱም በኢንተርኔት ይደመጣል፣ ግን አንደኛ አልወጣም። የከረመ ዘፈን በእግሩ ሄዶ አይመለስም፤ የሚሸከመው ይፈልጋል። የላስት ክሪስማስ ተሸካሚ በዓሉ ነው። በየዓመቱ በቀጠሮው ይመጣል፣ ዘፈኑን ከተኛበት ያነሳዋል። እኛስ ጳጉሜ ስትገባ ሬዲዮው የሚያወጣቸውን የእንቁጣጣሽ ዘፈኖች አስቢ። አዲስ ዘፈን በየዓመቱ ይሠራል፣ ግን ያ የድሮው ካልተሰማ ሰዉ ዓመቱ የተለወጠ አይመስለውም። የሰርግ ዘፈንም እንደዚያው ነው። ዘፋኙ ቤቱ ተኝቶ ዘፈኑ ሥራ ላይ ነው።

ባለፈው ታህሳስ ቦሌ አንድ ካፌ ተቀምጬ፣ የነቢያት ጾም ነው፣ የጾም ማኪያቶ አዝዣለሁ፣ ከላይ ላስት ክሪስማስ ይንቆረቆራል። የእኛ ገና ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። የፕላስቲኩ ዛፍ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አስተናጋጁ ትሪውን እንደያዘ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ ይዘፍናል። ዘፈኑን ትወደዋለህ እንዴ አልኩት። «እኔ እንጃ፣ ብቻ ከጠዋት ጀምሮ አሥራ ምናምነኛው ነው» አለኝ። ተሸካሚ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ መውደድ አለመውደድህን እንኳ አይጠይቅህም።

ጆርጅ ማይክል ይሄን ሁሉ አላየም። በ2016 ነው ያረፈው፣ ያውም በዲሴምበር 25፣ በፈረንጆቹ ገና ቀን። ዘፈኑ በ2023 እና በ2024 ደግሞ ልክ በገና ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ እንግሊዞች ዘንድ ይሄ ራሱን የቻለ ክብር ነው። ለእህትሽ ማኪያቶ ስትገዢ ይሄንንም ጨምሪላት።

ጥያቄ፦ ዘፋኝ ነኝ፣ ቢያንስ እኔ እንደዛ ነው የማስበው። ከሦስት ዓመት በፊት ነጠላ ዜማ ለቅቄ ከቤተሰቤና ከሰፈር ልጆች በቀር የሰማው የለም። ሰሞኑን ኬት ቡሽ የምትባል ዘፋኝ በፊልም ምክንያት ከ37 ዓመት በኋላ አንደኛ ወጣች ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? እኔስ ተስፋ ላድርግ ወይስ ሥራ ልፈልግ? (ከሃዋሳ)

መልስ፦ ሥራ ፈልግ፣ ተስፋም አድርግ። ሁለቱ አይጣሉም። ወረድ ብዬ ታክሲ እየነዳ የጠበቀ ሰው አሳይሃለሁ።

የኬት ቡሽ እውነት ነው። «ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» የወጣው በ1985 ነው። ያኔም የወደቀ ዘፈን አልነበረም፤ እንግሊዝ ሦስተኛ ደረሰ፣ አሜሪካ ግን 30ኛ ላይ ቆመ። ከዚያ ሜይ 2022 «ስትሬንጀር ቲንግስ» የሚባለው የኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልም አራተኛው ምዕራፍ ወጣ። ታሪኩ በ1980ዎቹ ነው። ማክስ የምትባል ሐዘን የሰበራት ልጅ አለች፣ ዎክማኗን ከጆሮዋ አታወርድም፣ ውስጡ ያለው ካሴት የኬት ቡሽ ነው። ጭራቁ ሊገድላት ሲል ጓደኞቿ ያንን ዘፈን ጆሮዋ ላይ ይለቁላታል። ድምፁን ተከትላ ከሞት ታመልጣለች።

እዚህ ጋ ልብ በል። ዘፈኑ ከበስተጀርባ ዝም ብሎ የሚንቆረቆር ቢሆን ኖሮ ማንም ስሙን ለማወቅ አይለፋም ነበር። በፊልሙ ውስጥ ግን መድኃኒቱ ራሱ ዘፈኑ ነው። እሱን ከታሪኩ ብታወጣው ልጅቷ ትሞታለች። የ15 ዓመት ልጅ ፊልሙን አይቶ ሲጨርስ ዘፈኑን «የድሮ» ብሎ አይደለም የሚፈልገው፤ የማክስ ዘፈን ነው፣ አዲስ ነው፣ የእሱ ነው። እናቱ ደግሞ ከሌላ ክፍል «ይሄንንማ እኔ አውቀዋለሁ» ብላ ትመጣለች። በአንድ ቤት ሁለት ትውልድ አድማጭ ተገኘ።

ሌላም ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ የቆየ ዘፈን በኢንተርኔት ሲደመጥ የሚያዝለት ነጥብ የአዲስ ዘፈን ግማሽ ነው፤ የድሮዎቹ ሰንጠረዡን ተቆጣጥረው አዲሶቹን እንዳያፍኗቸው። ኬት ቡሽ በዚህ ደንብ ተይዛ ሁለተኛ ላይ ቆማ ነበር። የሚደመጠው ቁጥር ከልክ ሲያልፍ ደንቡ ተነሳላትና ጁን 17 ቀን 2022 አንደኛ ወጣች። አሜሪካም ሦስተኛ ደረሰ። ግጥሙም ዜማውም ፕሮዲውስ የተደረገውም በራሷ ነው፣ የቅጂው መብትም በእጇ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ሲመጣ በር ላይ የሚቀበለው ሌላ ሰው አልነበረም።

ቲክቶክስ? ቲክቶክ ይሸከማል፣ ግን ማንን እንደሚሸከም ራሱም አያውቅም። በ2020 አንድ ሰውዬ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽታበት በስኬትቦርድ ወደ ሥራው እየሄደ፣ ጭማቂ ከጠርሙሱ እየጠጣ፣ ፍሊትውድ ማክ የሚባለውን ባንድ የ1977 ዘፈን ከፍቶ ራሱን ቀረጸ። በቃ። ዘፈኑ ከ43 ዓመት በኋላ ተመልሶ ሰንጠረዥ ገባ። ይሄንን ማንም አቅዶ ሊሠራው አይችልም፣ እንሠራልሃለን ብለው ገንዘብ የሚጠይቁህ ካሉ ዝጋባቸው።

አሁን ታክሲ ነጂው። ኃይሉ መርጊያን ታውቀዋለህ፣ ካላወቅከው አባትህን ጠይቅ። ሂልተን ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የድሮ ዜማዎቻችንን ቀዳ፣ በካሴት ወጣ፣ ከዚያ ጊዜው አለፈ። ሰውየው ዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ጀመረ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አልለየውም። ኤርፖርት ተራ ይዞ ደንበኛ ሲጠብቅ አውጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመዳል። በባትሪ የሚሠራ ነው። እስቲ አስበው፣ ፊት ያለው መኪና አንድ ቦታ ሲጠጋ ኪቦርዱን መልሶ አስገብቶ መሪ መጨበጥ አለበት።

ከዚያ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባህር ዳር አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ያንን ካሴት አገኘ። ሰማው፣ ወደደው፣ ባለቤቱን ፈልጎ ደወለለት። በ2013 እንደገና ታተመ። ታክሲ ነጂው መድረክ ላይ ወጣ፣ አውሮፓና አሜሪካ ዞረ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። 28 ዓመት አቧራ የጠጣ ካሴት ነው ይሄን ሁሉ የጎተተው።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ «ዕድል» ይላል። ካሴቱ መገኘቱ አዎ ዕድል ነው። ሰብሳቢው ሲደውል ግን ስልክ የሚያነሳ ሰው ነበረ፣ ጣቶቹም አልዛጉም። የእኔ ምክር ከዚህ አያልፍም። የዘፈንህን ሙሉ ቅጂ፣ የዘፋኝ ድምፅ የሌለበትን ሙዚቃ ብቻውንም ጭምር፣ ሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ የፊልም ሰዎች ብዙ ጊዜ ድምፅ የሌለበትንም ይጠይቃሉ። የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውንና የአቀናባሪውን ስም አሟልተህ ጻፍ፣ ከእነሱም ጋር በወረቀት ተዋዋል። አንድ የፊልም ሠሪ ዘፈንህን ፈልጎ «ማንን ነው የማስፈቅደው?» ሲል አምስት ሰው የሚጣላበት ዘፈን ከሆነ በማግስቱ ሌላ ዘፈን ይመርጣል። ዘፈኑንም ተናድደህ ከዩቲዩብ እንዳታጠፋው። አብዛኛው ዘፈን አይመለስም፣ አልዋሽህም። የጠፋ ግን ጭራሽ አይመለስም።

ጥያቄ፦ አባቴ በደርግ ጊዜ አንድ ካሴት አሳትሞ ነበር። አሁን በሕይወት የለም። አንድ የማላውቀው ሰው ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ጭኖት ብዙ መቶ ሺህ ሰው ሰምቶታል፣ ቲክቶክ ላይም የሰርግ ቪዲዮ ሥር ይለጥፉታል። እናቴ ስትሰማው ታለቅሳለች። እኛ የሚገባን ነገር የለም? (ከዱባይ)

መልስ፦ ነፍስ ይማር። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ብዙ ይደርሰኛል፣ አብዛኛው ከልጆች ነው።

የሚገባችሁ ነገር ሊኖር ይችላል፣ መጠኑ ግን አባትሽ በዘፈኑ ውስጥ ምን እንደነበሩ ይወስነዋል። ግጥምና ዜማው የራሳቸው ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ የሌላ ሰው ግጥም ዘፍነው ከሆነ ሌላ። ካሴቱን ያሳተመው ሙዚቃ ቤትም የራሱ ድርሻ አለው። የእኛ የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ የደራሲን የኢኮኖሚ መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቅለታል፣ ወራሾቹም ይጠቀሙበታል። ዘፋኙና የድምፅ ቅጂው ባለቤትም ሕጉ የሚሰጣቸው የ50 ዓመት መብት አላቸው። ችግሩ ወረቀቱ ነው። በዚያ ዘመን ዘፋኝ አንዴ የተወሰነ ብር ተቀብሎ «ሁሉንም ሸጫለሁ» ብሎ ፈርሞ ይወጣ ነበር፣ አንዳንዴም ሳይፈርም። የአባትሽን ሻንጣ፣ የድሮ ማህደር፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ውስጥ ሳይቀር ፈትሹ። ውል ከተገኘ የቅጂ መብት ለሚያውቅ ጠበቃ አሳዩ፣ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም ጠይቁ።

ዩቲዩቡን በተመለከተ፣ የመብቱ ባለቤት መሆናችሁ ከተረጋገጠ በራሱ በዩቲዩብ ቅጽ አመልክታችሁ ማስነሳት ትችላላችሁ። እኔ ብሆን ግን ለማስነሳት አልቸኩልም። ያ የማታውቂው ሰው ባለቤቱን ሳያስፈቅድ መጫኑ ጥፋት ነው፣ የአባትሽን ዘፈን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰርግ ቤት ድረስ የተሸከመውም እሱው ነው። ሙዚቃ ወደ ኢንተርኔት የሚያስገቡ አከፋፋዮች አሉ፤ በእነሱ በኩል ዘፈኑ በእናንተ ስም ከተመዘገበ ሌላ ሰው የጫነው ቪዲዮ ሳይነሳ የማስታወቂያው ገቢ ወደ እናንተ የሚዞርበት መንገድ አለ። ከመፈረምሽ በፊት ምን ያህል መቶኛ እንደሚቆርጡና ውሉ በስንት ዓመት እንደሚያልቅ ጠይቂ። ዓመት የማይጽፍ ውል አትፈርሚ፣ አባትሽ ላይ የደረሰው እንዳይደገም።

ካሴቱን ካገኛችሁት ደግሞ ደስ ብሏችሁ በማንኛውም አሮጌ ቴፕ ውስጥ እንዳትከቱት። ቴፕ ይበላል፣ ክሩን ጎትቶ ይጠቀልለዋል፣ በእስክሪቢቶ መልሰን የምናጠነጥንበት ጊዜ አልፏል። በደንብ የተጸዳ ማጫወቻ ያለው ሰው ፈልጋችሁ በአንዴ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት። የሽፋኑን ወረቀት ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱት፤ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው የገጣሚና የአቀናባሪ ስም፣ የሙዚቃ ቤቱ አድራሻ፣ ነገ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ሽፋኑ ከጠፋ እናትሽ አሉ። ግጥሙ የማን እንደነበር፣ ስቱዲዮው የት እንደነበር፣ ስንት ብር ይዘው እንደመጡ ሳያስታውሱ አይቀሩም። ዛሬ ማታ ደውይላቸውና ጠይቂያቸው፣ ሲያወሩሽም አስፈቅደሽ ቅጂያቸው።